በጣታቸው አመላክተዋል

ሰው በገዛ አካሉ ላይ «ሌባ» የሚል ስም ማውጣቱ አይገርማችሁም? ዐይንን ሌባ አላልነውም፤ የሰው ነገር ሲመኝ የሚውለው እሱ ሆኖ ሳለ። ምላስንም ሌባ አላልናትም፤ የሰው ስም ሰርቃ የምታድረው እሷ ሆና ሳለ። ከአውራ ጣት ቀጥላ የተቀመጠችውን፣ እንጀራ የምትቆርሰውን፣ እስክሪብቶ የምትደግፈውን፣ ክር በመርፌ ቀዳዳ የምታሾልከውን ያችን ምስኪን ጣት ይዘን ግን «ሌባ ጣት» አልናት። ምን እንደሰረቀች የነገረኝ ሰው እስከ ዛሬ የለም። አንዳንዱ ሳይጠሩት ወጥ ስለምትቀምስ ነው ይላል። ሌላው ደግሞ ሌባ የሚጠቆመው በእሷ ስለሆነ ነው ይላል። ይህ ሁለተኛው እውነት ከሆነ ነገሩ ይብሳል፤ ጠቋሚ በተጠቋሚው ስም ተጠራች ማለት ነው።

እኔ በምኖርበት በሸዋ ሮቢት ደግሞ ግማሹ ሰው ይህችኑ ጣት በሌላ ስም ያውቃታል። ሙስሊም ጎረቤቶቼ የሸሃዳ ጣት ይሏታል። በሶላት ተቀምጠው ፈጣሪ አንድ መሆኑን ሲመሰክሩ ቀና የምትለው እሷ ናት። እንግዲህ አንዲት ጣት በአንድ ከተማ፣ በአንድ አስፋልት ግራና ቀኝ፣ ወዲህ ሌባ ወዲያ ምስክር ሆና ትኖራለች ማለት ነው።

አፋችን ዘግቶ ጣታችን የሚያወራው ብዙ ነው። ወጥ ሲጥመን ጣት ያስቆረጥማል እንላለን፤ ሲቆጨን ጣታችንን እንነክሳለን፤ ዘመድ ሲያሳፍረን ጣት ገማ ተብሎ ተቆርጦ አይጣልም ብለን ተሸክመነው እንዞራለን። እናት እንግዳ ፊት የሚያስቸግር ልጇን አንዲት ቃል አትናገረውም። ጣቷን ነክሳ ታየዋለች፤ ልጁም እንግዳው ከወጣ በኋላ የሚጠብቀውን ዱላ ከነቁጥሩ ያነበዋል። የባጃጅ ነጂ አንዲት ጣቱን አውጥቶ ቢያሳያችሁ አንድ ሰው ነው የሚቀረኝ ማለቱ ነው፤ አምናችሁት ገብታችሁ ስትቀመጡ ሦስት ሰው ከነማዳበሪያው ይጨምርባችኋል። ጣት መዋሸት የምትጀምረው እንግዲህ ከባጃጅ ነው። «አምስት ጣት እኩል አይደለም» የምትለዋን ተረትም ስትሰሙ ተጠንቀቁ። እኔ በዕድሜዬ ትንሿ ጣት ስትተርታት ሰምቼ አላውቅም፤ ተራቹ ሁልጊዜ አውራ ጣት ነው።

እናቴ የዱባ እንቡጥ በጣት እንድንጠቁም አትፈቅድም ነበር። አጥር ላይ የወጣውን እንቡጥ አይተን «ያውና!» ብለን ጣታችንን ከቀሰርን አበቃ፤ ይረግፋል። መጠቆም ግድ ከሆነ ጣትን አጥፎ በመገጣጠሚያው ነው። ረስቶ የቀሰረ ደግሞ ያችኑ ጣቱን ነክሶ እንትፍ ይላል። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ስለ ዕፅዋት ተምሬ፣ እንቡጥ የሚረግፈው የአበባ ዱቄት ሳይደርሰው ሲቀር መሆኑን አውቄ መጣሁና ቁጭ አድርጌ አስረዳኋት። አዳምጣ ጨረሰችና «እሺ፤ አንተ ግን አትጠቁምብኝ» አለችኝ። ያኔ ሳቅሁ። ዛሬ አልስቅም። በጣት ተጠቁሞ የሚረግፍ ነገር እንዳለ በዐይኔ አይቻለሁ፤ ዱባ ግን አልነበረም።

አገራችን ይፋትም አይታለች። ከካራቆሬ እስከ አጣዬ መንገዱ ጭስ በሆነበት በዚያ ክፉ ጊዜ፣ ቤት ለማቃጠል መጀመሪያ የሚያስፈልገው ክብሪት አልነበረም። አንድ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ጣቱን ወደ አንድ በር መዘርጋቱ ይበቃ ነበር። ማን እንደዘረጋ በሁሉም ወገን የሚያውቅ አለ፤ የሚናገር ግን የለም። የዘረጉትም ቢጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው፦ እኛ ምንም አላልንም።

ወደ ራሴ ልምጣ። ከአሥራ አራት ዓመት በፊት በአንድ መሥሪያ ቤት የመስኖ ባለሙያ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም አልጠራም፤ እናንተም አትጠይቁኝ። ሥራዬ ሽንኩርትና ማሾ ለሚያመርቱ ገበሬዎች ቦይ መለካት፣ ፓምፕ ማስተከል፣ ፓምፑ ሲበላሽ ደግሞ መሰደብ ነበር። ወድጄው ነበር የምሠራው። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሁለት ቁልፍ ነበረው፤ አንዱ እኔ ዘንድ፣ ሌላው ኃላፊያችን ዘንድ። አንድ ሰኞ ጠዋት ስንከፍተው አዲሱ የውሃ ፓምፕ የለም። በሩ አልተሰበረም፣ መስኮቱም ደህና ነው። ቁልፍ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ ከሁለቱ አንዱ ደግሞ ስብሰባ የሚጠራው ነው። የቀረውን እናንተ ጨርሱት።

በሳምንቱ ስብሰባው በአዳራሹ ተጠራ። ኃላፊው ከፊት ተቀምጠው የግቢውን ጥበቃ ጋሽ ሰይድን አስነሷቸው። ጋሽ ሰይድ ያኔ ሃምሳን ያለፉ፣ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ በእግራቸው የሚመላለሱ፣ ሶላት የማያዛንፉ ሰው ነበሩ። ዋሹ ተብለው አይታሙም። ለኢድ ድፎ ዳቦ ይልኩልኝ ነበር፤ ማሳቸው ላይ ቦይ የቀደድኩላቸውም እኔ ነኝ።

«ሰይድ፣ ፓምፑን ማን ሲያወጣው አየህ?» አሏቸው ኃላፊው።

ጋሽ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። አፋቸውን አልከፈቱም። ቀኝ እጃቸውን ከፎጣቸው ስር አወጡና ያችን ጣት ወደ እኔ ዘረጉ። ጣቷ ትንቀጠቀጥ ነበር። ቃለ ጉባኤ ግን መንቀጥቀጥ አይመዘግብም። «ጥበቃው ተጠይቀው በጣታቸው አመላክተዋል» ብቻ ነው የሚለው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ዛሬም ከነገጿና ከነመስመሯ በቃሌ እላታለሁ። የመባረሪያ ደብዳቤዬ የቆመው በእሷ ላይ ነው። «በእምነት ማጉደል ምክንያት» ይላል ደብዳቤው።

በማግስቱ ቤታቸው ሄድኩ። ግባ አላሉኝም፤ በር ላይ ቆመው ተቀበሉኝ።

«ጋሽ ሰይድ፣ እኔ ሳወጣ አይተውኛል?»

«ልጄ» አሉኝ፣ መሬት መሬቱን እያዩ። «እኔ ምንም አላልኩም።»

እውነታቸውን ነበር። ምንም አላሉም። ይህ ነው ለዓመታት የበላኝ። ቢሰድቡኝ እረሳው ነበር፤ በሐሰት ቢምሉብኝ ለፈጣሪ እሰጣቸው ነበር። ምንም ያላለን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ኃላፊው አድገው ወደ ሌላ ከተማ ተዛወሩ። ላገባት የነበረችው ልጅ አባት ሽማግሌዎቼን ውሃ አጠጥተው፣ አመስግነው መለሷቸው። ከተማው ውስጥ ሳልፍ ሰዎች ጣታቸውን አይቀስሩብኝም ነበር፤ በኛ አገር ጨዋ ሰው የሚጠቁመው በአገጩ ነው። «ያ የፓምፑ ልጅ» ይባላል፣ አገጭ ከፍ ይላል፣ ያበቃል። ዲግሪዬን ሳጥን ውስጥ አስገብቼ አስፋልቱ ዳር አንዲት ፎቶ ኮፒና ጽሕፈት ቤት ከፈትኩ። የሰው አቤቱታ እጽፋለሁ፣ ቅጽ አባዛለሁ። የስንቱን በደል አሳምሬ ጽፌ ፍትሕ አስገኝቻለሁ! የራሴን ሰባት ጊዜ ጽፌ ሰባቱም «ተመልክተነዋል» ተብሎ ተመልሷል። ጋሽ ሰይድም ከዚያ ወዲያ ጥበቃውን ትተው ወደ ሽንኩርት ማሳቸው ተመለሱ። ገበያ ላይ ሩቅ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይራሉ፤ እኔም እቀይራለሁ። ሁለታችንም መንገድ ቀይረን ሌላኛው መንገድ ላይ የተገናኘንበት ቀንም አለ።

ባለፈው ግንቦት ነው። ሮቢት በግንቦት እንዴት እንደምትሆን የማያውቅ ሰው ካለ፣ የጋለ ብረት ምጣድ ላይ ቁጭ ይበልና ይሞክረው። የመሬት ደብተር በአዲስ መልክ ይመዘገባል ተብሎ የጣት አሻራ የሚያነብ መሣሪያ ወደ አንድ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት መጥቶ ነበር። የመጨረሻው ቀን ላይ መዝጋቢዋ ትዕግሥት ቅጽ አልቆባት ያባዙልኝ አለችኝና ክምሩን ተሸክሜ ሄድኩ። ስገባ ሰልፉ በር ድረስ ወጥቷል። ጠረጴዛው ፊት ጋሽ ሰይድ ተቀምጠዋል። አርጅተዋል። ጣታቸውን መሣሪያው ላይ ይጫናሉ፣ ቀይ መብራት ይበራል፣ ያነሳሉ።

«አባባ፣ ጫን ያድርጉት።»

«ጫንኩ እኮ ልጄ።»

«በሉ ይጥረጉትና እንደገና።»

ጠረጉት። ቀይ። የሌላ እጃቸውን ሞከረች፤ ቀይ። ትዕግሥት የሽማግሌውን ጣት ወደ ብርሃን አቅንታ አየችውና «ምንም መስመር የለውም፤ ሙልጭ ብሏል» አለች።

«ስልሳ ዓመት ሙሉ መሬቱ ላይ እያተሙት ጨርሰውት ነዋ!» አለ ከሰልፉ አንድ ገበሬ። ሰው ሳቀ። ጋሽ ሰይድ አልሳቁም።

አሻራው አልነበብ ላለ ሰው ሁለት ምስክር ቀርቦ «ይህ ሰው እሱ ነው» ማለት አለበት። አንዷ ተገኝታለች፤ ሰልፉ ውስጥ ያሉት ጎረቤታቸው እትዬ ከድጃ። ሁለተኛው ጠፋ። የሚያውቋቸው ጎረቤቶች ያ ክፉ ጊዜ ወዲያና ወዲህ በትኗቸዋል፤ ቀሪዎቹም አፈር ለብሰዋል። መሣሪያው በማግስቱ ወደ ሌላ ቀበሌ ይሄዳል። ያልተመዘገበ ማሳ «ባለይዞታው ያልታወቀ» በሚል ዝርዝር ይገባል። የጋሽ ሰይድን ማሳ አሁን የምታርሰው ባሏ የሞተባት ልጃቸው ዘሃራ ናት። አባትየው ሳይሞቱ በስሟ ሊያዞሩላት ነበር የመጡት። በእጇ ያለውም እሱ ብቻ ነው።

«እስቲ ዞር ብለው ይዩ አባባ» አለች ትዕግሥት። «እዚህ ካለው ሰው የሚያውቅዎት የለም?»

ዞሩ። ዐይናቸው ሰልፉን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለቀመው። በመጨረሻ እኔ ላይ አረፈ፣ ቅጾቼን ታቅፌ በቆምኩበት። እጃቸው ከፎጣቸው ስር ወጣች። ያችው ጣት ተዘረጋች።

«እሱ ያውቀኛል» አሉ።

«ጋሼ፣ ያውቋቸዋል?» አለችኝ ትዕግሥት።

«በደንብ» አልኳት።

ካመጣሁት ክምር አንድ ቅጽ መዝዛ ሰጠችኝ። ቅጹን ያባዛሁት እኔ ስለሆንኩ ጥያቄዎቹን አውቃቸዋለሁ። አራተኛው ላይ «ምስክሩ ከሥራ በእምነት ማጉደል ተሰናብቶ ያውቃል?» ይላል፤ አጠገቡ «አዎ» እና «የለም» የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ማንም አያጣራም። ዝም ብዬ «የለም» የሚለው ላይ ምልክት አድርጌ መሄድ እችል ነበር። እኔ ግን ቅጹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና አራተኛውን ጥያቄ ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት።

«መልሱ አዎ ነው» አልኩ። «በእምነት ማጉደል ተሰናብቻለሁ።»

ትዕግሥት ደነገጠች። «እንግዲያው ምስክር መሆን አይችሉም እኮ ጋሼ» አለች፣ እንደማፈር ብላ።

ልዋሻችሁ አልፈልግም፤ ደስ አለኝ። አሥራ አራት ዓመት የጠበቅኋት ደቂቃ ነበረች። ያ ጣት ያኔ የቆረጠው የእኔን እንጀራ ብቻ አልነበረም፤ የራሱንም ምስክር ቆርጧል። ዘወር ብዬ ሽማግሌውን አየኋቸው። ዘሃራ ትዝ አላለችኝም። ማሳው ላይ የቀደድኩት ቦይም ትዝ አላለኝም።

ጋሽ ሰይድ ጠረጴዛውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ እሱ አልወሰደም» አሏት።

«ምኑን አባባ?»

«ፓምፑን። ጥበቃው እኔ ነበርኩ። ያወጡት ኃላፊው ናቸው፤ በመኪናቸው። የግቢውን በር የከፈትኩላቸው እኔ። ስብሰባው ሳይደርስ ጠሩኝና ‘ሰይድ፣ ምንም እንድትናገር አልፈልግም፤ ስጠይቅህ ወደ ልጁ አመልክት ብቻ’ አሉኝ። ወላሂ ብለህ ማል ቢሉኝ አልምልም ነበር። ማል አላሉኝም። አላህ በምላሴ ይጠይቀኛል እንጂ በጣቴ አይጠይቀኝም ብዬ ተሞኘሁ።»

ጣታቸውን አንስተው አዩዋት።

«ኋላ ሸሁ ሲያስተምሩ ሰማሁ። የቂያማ ቀን አፍ ይታተማል፣ የሚናገረው እጅ ነው አሉ። ከዚያ ወዲህ ሶላት ላይ ይህችን ጣት ሳነሳ ትከብደኛለች። በቀን አምስቴ ትከብደኛለች።» ወደ እኔ ዞሩ። «አውፍ በለኝ ልጄ፤ ይቅር በለኝ።»

ይህንን ንግግር ስንት ጊዜ በሐሳቤ ጽፌዋለሁ መሰላችሁ? በእኔ ድርሰት ጋሽ ሰይድ የሚናገሩት እዚያው አዳራሽ ውስጥ ነው፤ ኃላፊው ከፊት ተቀምጠው ያልባቸዋል፣ ሽማግሌዎቼን የመለሰው ሰውዬ ከኋላ ቆሟል፣ ጸሐፊው ቃል በቃል ይመዘግባል። የደረሰልኝ ግን በማላውቃቸው፣ በሙቀትና በወረፋ በተሰላቹ ሰዎች ፊት ነው።

እነሱም ቢሆኑ አላሰቡበትም። «በል አውፍ በለዋ!» አለኝ የቅድሙ ገበሬ። «ተናገሩ እኮ፣ ሌላ ምን ቀረ?» አሉ እትዬ ከድጃ። ከኋላ አንዱ «በፈጣሪ ታረቁና ሰልፉ ይንቀሳቀስ» አለ። ሕዝባችን እርቅ ይወዳል፤ በተለይ ተራው ሲደርስ።

እኔ ቅጹን ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁት፤ መልሼ አስቀመጥኩት። አሥራ አራት ዓመት በሦስት ፊደል ይቅር ሲባል ሳይቆጠር የሚቀር ነገር አለ።

ትዕግሥት እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «አባባ፣ ይሄ የተናገሩት ቅጹ ላይ ቦታ የለውም» አለች፣ ቀስ ብላ። «ጥያቄው ተሰናብቶ ያውቃል ወይ ነው። በሐቅ ነው በሐሰት አይልም።» ከዚያ እኔን አየች፣ ሽማግሌውን አየች፣ ያበላሸሁትን ቅጽ ቀድዳ ከክምሩ አዲስ መዘዘችና ፊቴ አኖረችው። «ውሃ ጠጥቼ ልምጣ። ጫጫታ ስለነበር እስካሁን ያላችሁትን አንዱንም አልሰማሁም። ቅጹን ሞልተው ይጠብቁኝ።»

ወጣች።

ሰልፉ ሁሉ እጄን ያያል። ጋሽ ሰይድ ግን መሬት መሬቱን ያያሉ፣ ያን ጊዜ በራቸው ላይ እንዳደረጉት። አራተኛው ጥያቄ ላይ ደረስኩ። እውነተኛው መልስ «አዎ» ነው፤ ደብዳቤው ቤቴ አለ። እውነተኛው መልስ «የለም» ነው፤ እምነት አላጎደልኩም። አንዲት ጥያቄ ሁለት እውነት ስታቀርብላችሁ ከንፈር ምንም ማለት አይችልም። እስክሪብቶውን የደገፈችውን ጣቴን አየኋት፤ ያችኑ፣ ስመ ብዙዋን። «የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አደረገች። ሰው እንዴት በጣቱ ይዋሻል እያልኩ አሥራ አራት ዓመት ስጠይቅ ኖሬ ነበር። ለካ አንዲት ጭረት የምትፈጀውን ያህል ጊዜ ነው የሚፈጀው።

ትዕግሥት ተመልሳ ቅጹን አየች። ፊርማዬ አልበቃት ብሎ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክራ አሳተመችኝ። የእኔ አሻራ ጥርት ብሎ ወጣ። ወረቀት የሚያገላብጥ ሰው ጣት ምን ይሆናል?

ውጭ ፀሐዩ ተቀበለን። ጋሽ ሰይድ አዲሱን ወረቀት በፎጣቸው ጠቅልለው ደረታቸው ላይ ይዘዋል። ባጃጅ አስቆምኩላቸው። ነጂው አንዲት ጣቱን አውጥቶ አሳየን። አንድ እግራቸውን አስገብተው ቆም አሉና ዞሩ።

«ልጄ፣ አውፍ አልከኝ?»

ቀለም የነካውን አውራ ጣቴን በሱሪዬ ጠረግሁት፤ አልለቀቀም።

«ጋሽ ሰይድ» አልኳቸው፤ «እኔ ምንም አላልኩም።»